ከየሰፌዱ አንድ እፍኝ

የጆንያ ሽታ እስከ ዛሬ ያቆመኛል። የአዲስ ጆንያ ማለቴ አይደለም። ቡና ተሞልቶበት፣ ተራግፎ፣ እንደገና ተሞልቶበት የከረመ ጆንያ። አቧራ፣ ደረቅ ገለባ፣ ትንሽም ቅባት ቅባት የሚል። ቡና የጫነ አይሱዙ በአጠገቤ ሲያልፍ ይመጣብኛል፤ የጀመርኩትን ወሬ አቋርጬ እቆማለሁ። ሰዎች ምን ሆንክ ይሉኛል። ምንም እላለሁ። አንተ ግን ስለ እህቴ ጠየቅኸኝ፤ ስለዚህ ልንገርህ። በየመሀሉ ዝም ብል ታገሠኝ፤ እያሰብኩ ነው እንጂ ጨርሼ አይደለም።

እህቴ እንደዚያ ጆንያ ትሸት ነበር። ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ለቃሚ ነበረች። ለቃሚ ስልህ ከዛፍ የምትለቅም አይደለችም። ሴቶቹ በረጅሙ አዳራሽ ውስጥ በመደዳ ይቀመጣሉ። እያንዳንዷ ጭኗ ላይ ሰፌድ አለ። የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ፣ ጠጠሩንም እየነቀሱ ይጥላሉ፤ ንጹሑ ከፊታቸው ይከመራል። ሥራው የዓይንና የጣት ነው። ጆሮ ሥራ ፈት ነው። እህቴ ያን ሥራ የፈታ ጆሮ ያዘችው።

ጀርባዋ ጎባጣ ነበር። ይህን ቶሎ የምነግርህ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግርህ ነው። ልጅ ሳለች ቀጥ ያለች ነበረች ይላሉ፤ እኔ አላስታውስም። ከፍ ስትል አከርካሪዋ ወደ አንድ ጎን ይታጠፍ ጀመር። እናቴ ጠበል ወሰደቻት፣ ሐኪም ቤትም ወሰደቻት። ዘግይታችኋል ተባሉ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሥራ ስትጠይቅ፣ የትም ቦታ እምቢ አላሏትም፤ እንጠራሻለን አሏት። ከዚያ መጋዘኑ ገባች። የመጀመሪያ ቀን ከሴቶቹ ጋር ስትተዋወቅ፣ «ካቦው የተጣመመውን ሁሉ ነቅሳችሁ ጣሉ ብሎ እኔን ራሴን አስገባኝ፤ ዓይኑን ይታከም» አለቻቸው አሉ። ሁሉም ሣቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ጀርባዋ በሹክሹክታ ያወራ አልነበረም።

የጠላችው አንድ ቃል ነበር፤ ምስኪን የሚለው። አንድ ጊዜ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አብረን ስንሄድ አንዲት እናት ቦርሳቸውን ከፍተው የሚመጸውቷት ነገር ይፈልጉ ጀመር። እህቴ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችና፣ «እማማ፣ እኔ ሥራ አለኝ፤ ለዚህ ይስጡት፣ ሥራ ፈቱ እሱ ነው» ብላ ወደ እኔ አመለከተች። ሴትዮዋ ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ተቀበልኩ። በዚያ ሙዝ ገዝተን እየበላን ቤት ገባን።

መጽሐፉን ያገኘችው እዚያው ጅማ መርካቶ፣ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው ነው። ሽፋን የለውም። ከፊቱም ጥቂት ገጾች ጎድለዋል፤ እኔ እስከ ዛሬ ደራሲው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ እንደሆነ ግን እናውቃለን። በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ለበጠችውና መጋዘን ይዛው ገባች።

ታሪኩ የአንድ ደወል ደዋይ ነው። ጎባጣ ነው፣ ፊቱም አያምርም፤ ጆሮውን ደግሞ ራሱ የሚደውለው ደወል አደንቁሮታል። በትልቅ ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ይኖራል። ከተማው ሲሥቅበት፣ ሲገርፈው፣ አንዲት ጨፋሪ ልጅ ብቻ ውሃ ሰጠችው። ያሳደገው ቄስ ደግሞ ያችኑ ልጅ ተመኛት። እምቢ ስትለው ሞት እንዲፈረድባት አደረገ። እሷ ግን ልቧ ያለው አንድ መልከ መልካም ወታደር ላይ ነው፤ እሱም ረስቷታል።

እህቴ ስታነብ እጇ ይፈታል። እጇ ከተፈታ ክምሯ አያድግም፤ ክምሯ ካላደገ ካቦው ይቆጣል። ስለዚህ ሴቶቹ አንድ ደንብ አወጡ። አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ እያንዳንዷ ከራሷ ሰፌድ ከለቀመችው አንድ እፍኝ ንጹሕ ቡና በእህቴ ሰፌድ ላይ ትጥላለች። ማንም አላዘዛቸውም። አንዳንዴ ምዕራፉ ካላረካቸው እፍኙ ያንስ ነበር። እህቴ ወደ ቤት ስትመጣ፣ «ዛሬ ወታደሩ ቡናዬን አስቀነሰብኝ» ትል ነበር።

በስተቀኟ የምትቀመጠው ከሊሙ ገነት የመጣች፣ ሁላችን የሊሙ እናት የምንላት ሴት ነበረች። እድሜዋ የገፋ፣ ጣቷ ግን ከሁሉም የፈጠነ። አማርኛ ለማይገባቸው ሴቶች በኦሮምኛ የምትመልሰው እሷ ነች። እህቴ አንድ አረፍተ ነገር ካነበበች የሊሙ እናት አምስት ትናገራለች። በእሷ ኦሮምኛ ደወል ደዋዩ የሊሙ ሰው ሆነ፤ የበቅሎውን ስም ሳይቀር ሰማን፤ መጽሐፉ ውስጥ በቅሎ የለውም። ክርስቲያኖቹ ሴቶች ስለ ቄሱ ሲከፋቸውና ቄስ እንዲህ አያደርግም ሲሉ፣ «ልብሱን ተይው፤ ውስጡ ያለው ሰው ነው፤ እኛም ጋ አለ» አለቻቸው። በግራዋ ደግሞ አንዲት ሳቂታ ልጅ ነበረች፤ የአጋሮ ልጅ። ወታደሩ በገባ ቁጥር፣ «እንደዚህ ያለውን አጋሮ ውስጥ ሦስት አውቃለሁ፤ አንዱን በደንብ» ትላለች። የእሷ ሠርግ ነበር ለምነግርህ ሳምንት እሁድ የተቆረጠው። የምታገባው ግን ከሦስቱ አንዱን አይደለም፤ መምህር ነው።

እንደ ወትሮው የዋልንበት የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ነበር። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተምሬ ምሳዋን ይዤላት ሄድኩ። ጣሪያው ላይ ካለችው መስታወት በኩል የገባው ብርሃን መሬት ላይ አራት ማዕዘን ሠርቶ ነበር፤ አቧራው በውስጡ ቀስ እያለ ይዋኛል። የሚሰማው የፍሬ ድምፅ ብቻ ነው። ኮሽ ኮሽ የሚል። ከዚያ የእህቴ ድምፅ። በሩ ላይ ቆምኩ።

ጨፋሪዋን ሊሰቅሏት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት አምጥተዋታል። ሕዝቡ ለማየት ተሰብስቧል። ደወል ደዋዩ ከላይ በገመድ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ከወታደሮቹ እጅ ይነጥቃታል፤ እንደ ሕፃን ብድግ አድርጎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሮጣል። ደጁን ካለፈ በኋላ ማንም ሊነካት አይችልም። እህቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወፈረ፤ ታጥፋ የምትቀመጠው ልጅ ቀና ብላ አነበበች።

በአዳራሹ ሙሉ ጣት የሚያንቀሳቅስ አልነበረም። አንዷ፣ በእኛም አገር ደወል ደውሎ የተማጸነ አይነካም ነበር፣ አባቴ ነግሮኛል አለች። የሊሙ እናት ደግሞ የሼህ ግቢ የገባ ሰውም እንደዚያው ነው አለች። ካቦው ዝምታው አስደንግጦት መጣ፤ እኛ ቤት ጸጥታ ማለት ሥራ ቆመ ማለት ነው ብሎ ተቆጣና ሄደ። ያኔ የሊሙ እናት እህቴን በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ እዚህ ላይ ዝጊው። ወላሂ ከዚህ በላይ አያስፈልገንም።»

«ገና ብዙ ገጽ አለው።»

«ይሞታል እንዴ?» አለች ሳቂታዋ።

«ነገ።»

«ከሞተ እፍኝ አላዋጣም።»

«ሙሽራ ስስት አይገባትም» አለች እህቴ። ሴቶቹ ሣቁ፤ እፍኙም ዘነበ። ሰፌዷ ሞልቶ ጠርዙ ላይ ሲፈስስ አየሁ።

ሥራ ሲያልቅ አብረን ወጣን። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ወቅቱ ያልሆነ ዝናብ። እህቴ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋ ቀጠሮ ነበራት። ለሠርጉ ቀሚስ እያሰፋች ነበር፤ ብርቱካናማ። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ከኋላ ሰፋ ያለ ጥለት ጣል ላድርግልሽና ይሸፍንልሽ ብሏት ነበር። «እኔ ሽፋን አልጠየቅኩህም፤ ልክ ነው የጠየቅኩህ» አለችው። ሰውየው ቅር አላለውም። ጀርባዋን እንደ ገና ለካ፤ ለሁለቱ ጎን ሁለት ልክ ወሰደ። ማንም እንደዚያ ለክቷት አያውቅም ነበር። ያን ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ልትለብሰውና ልታየው ነበር የምትሄደው።

መንገድ ላይ መጨረሻውን ነገረችኝ። አንብባ ጨርሳዋለች። ልጅቷን በኋላ ያገኟታል፤ ትሰቀላለች። ደወል ደዋዩም ይጠፋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሙታን በሚጣሉበት ጉድጓድ ሁለት አፅም ተቃቅፈው ይገኛሉ፤ የአንደኛው አከርካሪ ጠማማ ነው።

«ታዲያ ነገ ምን ትያቸዋለሽ?» አልኳት።

«እንደ ተጻፈው አነብላቸዋለሁ። ሰውየው ደክሞ ጽፎታል፤ አልዋሽበትም። ከዚያ እሞግተዋለሁ። ለጎባጣ ሰው ከመሞት ሌላ ሥራ አላገኘለትም። እንደሱ ያለ ደራሲ ማማውን ድንጋይ በድንጋይ ቆጥሮ ሲያውቅ፣ ያ ሰው እንዴት እንደሚያረጅ ማሰብ ሰነፈ። ሌላ መጨረሻ አለኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ነገ ምሳ ስታመጣ ትሰማለህ።»

ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። መጽሐፉን ከቀሚሷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ፤ ይርስብኛል፣ ደረትህ ሥር አድርገው ብላ። ባጃጅ አስቆመች። ስትገባ እንደ ሁልጊዜው ጎኗን አስቀድማ፣ ከዚያ ራሷን ዝቅ አድርጋ። ሹፌሩ ቀስ በይ አላት፤ አንተ ቀስ በል አለችው። ሰምቼ ሣቅኩ። የመጨረሻው ይኸው ነው።

ወደ አዌቱ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ባጃጁ ተንሸራቶ ተገለበጠ። መንገዱ ረጥቦ ነበር። ጭንቅላቷን ነው የተመታችው። ሹፌሩ ተርፏል፤ ክንዱ ተሰብሮ። ይህን በደንብ ስማኝ፤ እኔ ያን ሰሞን ለሁሉም ስደጋግም የነበረው ይህን ነው። ባጃጅ ነው የገደላት። ዝናብ ነው የገደላት። ጀርባዋ አይደለም።

አርብ ቀበርናት። እድሩ ድንኳን ተከለ። ሰው ብዙ መጣ፤ መጋዘኑም ሙሉ መጣ፤ የሊሙ እናት በቀብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ ቆማ አላህ ይዘንላት እያለች ፊቷን በሻሿ ስትሸፍን አየኋት። ከዚያ ድንኳን ገባን፣ ተቀመጥን። ከምስኪን የባሰው ቃል የመጣው እዚያ ነው።

በመጀመሪያ አንዲት ጎረቤት አለችው፤ ቀስ ብላ፣ ለሌላዋ። ተገላገለች። ከዚያ ከወንዶቹ በኩል ሰማሁት። እግዜር አሳረፋት። ያን ጀርባ ተሸክማ ስንት ዓመት። እናትየዋም ዕረፍት አገኘች። ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ እያለቀሱ ነው የሚሉት። ያ ነው የባሰብኝ። ቃሉ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲዞር፣ እህቴ በዓይኔ ፊት ስትቀየር ታየኝ። ቀሚስ ያስለካችው፣ ሙዝ ያስገዛችኝ ልጅ ቀረችና፣ መሞቷን ስትጠብቅ የኖረች ምስኪን መጣች። ልክ እንደዚያ መጽሐፍ። አንድ ቀን ብቻ ዝም ብል ለዘለዓለም እንደዚያ ሆና ትቀር ነበር።

አጎታችን ከደዶ መጥተው ነበር፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ጸጥ ይላል። እናቴን ለማጽናናት ጎንበስ ብለው፣ «እህቴ፣ አምላክ አይቶ ነው። ልጅቷ ተገላገለች። አንቺም ተገላገልሽ» አሏት።

ተነሣሁ። እሳቸው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

«አልተገላገለችም፣ ጋሼ። እሁድ ሠርግ ነበረባት።»

ሌላም ነገር ማለት ፈልጌ ነበር። የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቀሚሷ ልብስ ሰፊው ጋ ነው» አልኩ። አንድ ሰው እጄን ይዞ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ፤ ሐዘን ነው፣ ልጅ ነው እያለ። እጄን አስለቀቅኩ። አጎቴ አልተቆጡኝም፤ መሬት መሬት አዩ። እናቴ ግን ከጠዋት ጀምሮ ያልተነፈሰችው፣ ራሷን ቀና አደረገች።

«ቀለሙ ምን ነበር?» አለችኝ።

«ብርቱካናማ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ በእኔ ፊት ያን ቃል የደገመ የለም፤ ከኋላዬ ምን እንዳሉ አላውቅም።

በማግስቱ ቅዳሜ ማለዳ ተነሣሁ። ሰልስት አልወጣም፤ የሟች ወንድም ከድንኳን መራቅ እንደሌለበት አውቃለሁ። ከትራሴ ሥር መጽሐፉን አውጥቼ በላስቲክ ጠቀለልኩት። አጎቴ ደጅ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው ነበር።

«ወዴት ነው?»

«እህቴ ትናንት መግባት ነበረባት፤ አልገባችም። ልገባላት ነው።»

ከበሩ ፈቀቅ አሉ።

መጋዘኑ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ያው ሽታ፣ ያው አራት ማዕዘን ብርሃን። ሴቶቹ ተቀምጠዋል፤ በሊሙ እናትና በሳቂታዋ መካከል ያለው የእህቴ መቀመጫ ዱካ ባዶ ነበር። ሰፌዷ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሳቂታዋ ለነገው ሠርጓ እጇ እንሶስላ ሞቋል፤ ስታየኝ ከቀሚሷ ሥር ደበቀችው። ካቦው ከኋላዬ መጥቶ፣ አፈር ይቅለላት፣ ነገር ግን ይህ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ እዚህ መደዳ ተቀምጦ አያውቅም አለኝ።

«የሴት ቦታ አይደለም» አለች የሊሙ እናት ከሰፌዷ ቀና ሳትል። «የእህቱ ቦታ ነው። ተቀመጥ ልጄ።»

ተቀመጥኩ። ዱካው ለእግሬ አጠረ፤ ጉልበቴ ወደ አገጬ መጣ። መጽሐፉን ከፈትኩ። ከገጹ መሀል የቡና ገለባ ተንሸራትቶ ወደቀ። እኔ እንደ እሷ አላነብም፤ እየተንተባተብኩ፣ መስመር እየሳትኩ ነው ያነበብኩት። ግን ምንም አልዘለልኩም። ልጅቷ እስክትሰቀል። ደወል ደዋዩ እስኪጠፋ። ሁለቱ አፅም፣ ጠማማው አከርካሪ፣ ሊያላቅቋቸው ሲሞክሩ አመድ መሆኑ። የሊሙ እናት ይህን ጊዜ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ ወደ ኦሮምኛ መለሰችው። አለቀ። የሚያለቅሱ ነበሩ። ማንም ግን ተገላገለ አላለም፤ እየጠበቅኩ ነበር።

«መጽሐፉ ይኸው ነው» አልኩ። «እህቴ ግን አልቀበልም ብላለች። ሌላ መጨረሻ ነበራት። ነገ ትሰማለህ ብላ ለእኔም አልነገረችኝም። አላውቀውም።»

ፍሬ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ማማው ላይ አይቀርም» አለች የሊሙ እናት በመጨረሻ። «ምን ሊሠራ ይቀራል? ይወርዳል። የበቅሎውን ነገር ነግሬያችሁ የለ? ኮርቻውን ጭኖ ይወጣል።»

«ወዴት?» አለች ከወዲያኛው ጥግ አንዷ።

«ሰው ወዳለበት ነዋ።»

«ልጆች ይሰድቡታላ» አለች ሌላዋ።

«አይሰማም፤ ደንቆሮ አይደል?» አሉና እዚያ ማዶ ሣቁ፤ ከዚያ የሣቁት ደነገጡ፤ ከዚያ እንደ ገና ሣቁ። እኔም ሣቅኩ። ከሐሙስ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው።

ሳቂታዋ ብቻ አልሣቀችም። እንሶስላ የሞቀውን እጇን ከቀሚሷ ሥር አውጥታ ሰፌዷ ላይ አኖረችው። ሠርጉን ልታስተላልፍ ፈልጋ እንደነበር፣ እናቷም እንደ ከለከለቻት በኋላ ነው የሰማሁት።

«እሁድ ሠርግ ይጠራል» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ከሙሽራዋ ወገን ሆኖ። ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው።»

«ምን ለብሶ?» አለች የሊሙ እናት።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መደዳው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ብርቱካናማ» አልኩ። «በልኩ የተሰፋ።»

ሳቂታዋ ጎንበስ አለች። ከሰፌዷ አንድ እፍኝ አንሥታ ጭኔ ላይ ባለው የእህቴ ሰፌድ ላይ አፈሰሰችው። ፍሬው ኮሽ አለ። የሊሙ እናት ተከተለች። ከዚያ ከየመደዳው እየተነሡ መጡ። ሰፌዱ እየከበደ ጉልበቴን ሲጫነው ተሰማኝ። ጠርዙ ላይ ሲደርስ መፍሰስ ጀመረ።

መጽሐፉን ከደንኩት። እጄን ሰፌዱ ውስጥ ከትቼ፣ እንደ እሷ፣ በሁለት ጣት መልቀም ጀመርኩ።